ሁለቴ የተቀባው ሳህን

ባለፈው ሳምንት ሚጣን የተለየናት በክፉ ሰዓት ነው። ያንን ገጽ ያላነበበ ካለ ብዙ አላመለጠውም። ልጅቱ የምትወደውን ሰው በባልደረቦቿ ፊት አዋረደችው፤ እሱም ነጭ ጋዋኑን አውልቆ መስቀያው ላይ ሰቀለና ወጣ። ሌላው ሁሉ እንባና ትራስ ነበር።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉም ሰው ዶክተር ይላታል፤ የሰው ሕዋስ እንዴት እንደሚራመድ ታጠናለች። "ሕዋስ ደግሞ እግር አለው እንዴ?" ብላችሁ ከሳቃችሁ፣ እናቷም ስቃለች። እግር የለውም፤ ግን ይራመዳል። ቆዳችን ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ከቁስሉ ዳር ያሉት ሕዋሶች እየተሳቡ ወደ መሃል ይገቡና ይዘጉታል። ሕዋሱ ፊቱን ይዘረጋል፣ የተዘረጋው ጫፍ ወለሉን ይጨብጣል፣ ገላው ይሳባል፣ በመጨረሻም የኋላው ይለቃል። ወለሉን የሚጨብጠው እጅ ያለው በሕዋሱ ቆዳ ላይ ነው፤ የሚስበው ገመድ ደግሞ ከውስጥ። እጁንና ገመዱን የሚያያይዝ አንድ ትንሽ ነገር መሃል ላይ አለ፤ አገናኝ ፕሮቲን ይሉታል። እሱ ራሱ አይቆርጥም፣ አይፈጭም፣ አይገነባም። አንድ ወገኑን ለእጁ፣ ሌላውን ወገን ለገመዱ ሰጥቶ ይቆማል፣ በቃ። ሚጣ የወጣትነቷን ምርጥ ዓመታት የሰጠችው ለዚህ ሥራ ፈት ለሚመስል ፕሮቲን ነው። እናቷ በዚህም ስቃለች።

ሰውየው ደግሞ የማይክሮስኮፕ ክፍሉ ቴክኒሻን ነው። ባልደረቦቹ "ቀስታ" የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ሕዋስ ያለበት ሳህን ላይ ፈሳሽ ሲያፈስ ቆሞ የሚያየው ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ይባላል። ቀስታ የእቴቴ ልጅ ነው። እቴቴ ማለት ደግሞ ሚጣን ከአራስነቷ ጀምሮ አዝላ፣ አጥባ፣ አብልታ ያሳደገች ሞግዚት ናት። ሁለቱ ልጆች ያደጉት በአንድ ግቢ ነው፤ እሷ በትልቁ ቤት፣ እሱ ከጓሮ ባለው ክፍል። ካደጉ በኋላ በአንድ ላብራቶሪ ሲገናኙ ሁለቱም ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ወይም ትገምቱታላችሁ።

ያን የጠብ ቀን የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሚጣ ሁለት ዓይነት ሕዋስ አዘጋጅታ ነበር፤ ጤነኞችና አገናኝ ፕሮቲን የሌላቸው። በየሳህኑ መሃል ፒፔት በሚባለው ፈሳሽ መምጠጫ ጫፍ ጭረት አወጣች፤ ሰው ሠራሽ ቁስል ማለት ነው። ካሜራው ሥር አስቀመጠቻቸውና ወደ ቤቷ ሄደች። የጠበቀችው ጤነኞቹ ጭረቱን ዘግተው፣ አገናኝ የሌላቸው ባሉበት ቀርተው እንድታገኛቸው ነበር። በማግስቱ ያገኘችው ግን ግልባጩን ነው። ጤነኞቹ እንደተቸነከሩ ቆመዋል፤ አገናኝ የሌላቸው ጭረቱን ዘግተው ጨርሰዋል።

"ሳህኖቼን ነክተሃል?" አለችው።

"ነክቻለሁ፤ ግን..."

"አቀያይረሃቸዋል!"

"አልቀየርኩም። ስሚኝ እስቲ፣ እኔ..."

"በቃ! ምንም አልሰማም!"

አልሰማችውምም። ለምን ብትሉ፣ በዋዜማው ማታ እናቷ የሁለቱን ነገር ደርሳበት፣ ራት ላይ፣ ሹካዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ "ያ ልጅ አንቺ ላይ የተለጠፈው ወዶሽ መስሎሻል? ባንቺ ትከሻ ሊወጣ ነው" ብላት ነበር። ሚጣ ተቆጥታ ከገበታው ተነሣች። ቃሉ ግን አብሯት ተኛ፣ አብሯት ነቃ፣ ላብራቶሪም አብሯት ገባ።

በሌላ ከተማ ያለ የቃጠሎ ሕክምና ሆስፒታል ቀስታን የማይክሮስኮፕ ክፍሉ ኃላፊ ሊያደርገው ጠይቆት ቆይቷል። ለሚጣ ሲል ሲያቆየው የነበረውን መልስ ከዚያ ጠብ በኋላ ላከ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። ይህንን ሚጣ ከሰው ሰምታለች፤ ከእሱ አለመስማቷ ደግሞ አንጀቷን ይበላታል።

*

ጠዋት ፕሮፌሰሩ ወደ ጠረጴዛዋ መጡ። የላብራቶሪው አለቃ ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "መነጽሬን ያየ?" የሚሉ ዓይነት ሰው።

"የዚያን ሙከራ ፊልም አሳዪኝ እስቲ" አሉ።

"ምን ያደርግልዎታል? ሳህኖቹ ተቀያይረው ነው እኮ።"

"መቀያየራቸውን በምን አወቅሽ?"

"ውጤቱ ተገለበጠ።"

"እሱማ ውጤቱ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ ማስረጃውን ነው። አረንጓዴው ምን ይላል?"

ሚጣ ፊቷ ጋለ። አገናኝ ፕሮቲን የሌላቸውን ሕዋሶች ከጤነኞቹ ለመለየት አረንጓዴ የሚያበራ ምልክት አድርጋባቸዋለች። ካሜራው የሚያነሣው ሁለት ፊልም ነው፤ አንዱ ተራ፣ ሌላው አረንጓዴ ብርሃን ብቻ የሚያይ። ሳህኖቹ ተቀያይረው እንደሆነ ለማወቅ አረንጓዴውን ፊልም መክፈት ብቻ ይበቃ ነበር። ጀማሪ ተማሪ እንኳ የማይስተው ነገር ነው። ሚጣም አልሳተችውም፤ እርግጠኛ ስለነበረች አልከፈተችውም እንጂ።

አሁን ከፈተችው። ጭረቱን የዘጉት ሕዋሶች ከጨለማው መሃል አረንጓዴ ሆነው አበሩ። በሌላው ሳህን፣ እንደተቸነከሩ የቆሙት ጤነኞቹ ባሉበት ቦታ፣ ምንም አረንጓዴ የለም። ሁሉም በየቦታው ነበር። ማንም ምንም አልቀየረም።

"አልቀየረም" አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

"አልቀየረም" አሉ ፕሮፌሰሩም፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ላይ አውርደው እያጠለቁ። "እንግዲህ ወይ ተአምር ነው፣ ወይ ወለሉ ነው። እኔ በተአምር አላምንም።"

ወለሉ! ሚጣ ሳህኖቹን ልጣላቸው ልጣላቸው እያለች ሳትጥላቸው ጥግ ላይ ደርድራቸው ነበር። አንዱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ሕዋስ ባዶ ሳህን አይጨብጥም፤ ሳህኑ አስቀድሞ በሚያጣብቅ ፕሮቲን መቀባት አለበት። ቅባቱ ፈሳሽ ነው፤ ፈስሶ ሲነሣ በሳህኑ ግድግዳ ላይ በደረሰበት ከፍታ ልክ ስስ የጨው ቀለበት ይተዋል። ሚጣ ሁልጊዜ ጠዋት ገብታ ራሷ ትቀባለች፤ እየቸኮለች፣ ትንሽ ጠብ አድርጋ፣ ስለዚህ የሷ ቀለበት ዝቅ ያለና የተንሻፈፈ ነው። እሱን አየችው። ከሱ በላይ ደግሞ ሌላ ቀለበት አለ። ከፍ ያለ፣ የተስተካከለ፣ አንድም ቦታ ያልተንጠባጠበ።

እንደዚያ አድርጎ የሚያፈስ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ትዝ አላት። ከሙከራው በፊት በነበረው ቀን ሕዋሶቿ በእጥበት ጊዜ ተነሥተው በውሃው ተጠርገው ሄደውባት ነበር፤ የሳምንት ልፋት። ሚጣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቀስታ በሩ ላይ ቆሞ አያት። አይዞሽ አላላትም፤ ሶፍት አቀበላትና ሄደ። ሄደ ብላ ነበር የምታስበው። ለካ ከሥራ ከመውጣቱ በፊት ሳህኖቿን ሁሉ በደንብ ቀብቶላት ኖሯል፣ ሕዋሶቿ ዳግመኛ እንዳይነሡባት። እሷ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት፣ እንደ ልማዷ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ሳህኖቹን ሳታይ፣ ላዩ ላይ ደግማ ቀባችው።

"ሁለት ጊዜ ነው የተቀባው" አለች። "ወለሉ ከልክ በላይ ያጣብቅ ነበር። ጤነኞቹ መጨበጥ ይችላሉ፣ ያውም አጥብቀው፤ ስለዚህ ጨበጡና መልቀቅ አቃታቸው። አገናኝ የሌላቸው ግን ጭብጣቸው ደካማ ነው። በተራው ወለል ላይ ያዳልጣቸዋል። እዚህ ላይ ግን ወለሉ ራሱ ያዘላቸው፣ ሄዱ!"

 ፕሮፌሰሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እሳቸው የሚቀመጡት ሲደነግጡ ብቻ ነው።

"እኛ እኮ አገናኙ እግር ነው፣ ከሌለ መሄድ የለም ስንል ነው የኖርነው" አሉ። "እግር ብቻ አይደለም። ምን ያህል እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚለቀቅ ልክ የሚሰጥ ነገር ነው። ሙከራው በወፍራምም በስስም ቅባት ይደገማል፤ ከተደገመ ግን ልጄ፣ ያበላሸሽው መሰለሽ እንጂ ያገኘሽውስ ትልቅ ነገር ነው።"

የሚጣ ልብ በደስታ ዘለለ። እንዲህ ያለ ደስታ ሲገጥማት ሮጣ የምትነግረው ሰው አንድ ነበር። ዞር ስትል መስቀያው ላይ ባዶው ጋዋን ተንጠልጥሏል፤ ኪሱ ላይ ያለው እስክሪብቶ እንኳ አልተነሣም።

"እኔ ደግሞ በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት" አለች።

"ታዲያ እዚህ ምን ትጎለቻለሽ?" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ሕዋሶቹን እኔ እጠብቅልሻለሁ፤ አላፈስም።"

ጋዋኑን ከመስቀያው አውርዳ ክንዷ ላይ አጣጥፋ ወጣች። ከደስታውና ከኀፍረቱ የቱ እንደሚያስለቅሳት አላወቀችም።

*

ወደ እቴቴ ቤት የሚወስደው መንገድ በእናቷ ቤት በኩል ያልፋል። ሚጣ አልቆምም ብላ ነበር፤ እግሯ ግን ቆመ።

እናቷ ጡረታ የወጣች ዳኛ ናት። አሁንም ቢሆን ሳሎን ውስጥ ስትቀመጥ ከፍ ያለ ወንበር ትመርጣለች። ሚጣ ሳትቀመጥ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

"ስለዚህ ምን ልትዪ ነው?" አለች እናቷ።

"ይቅርታ ልጠይቀው ነው። ልለምነው ነው። እማዬ፣ ዕድሜ ልክሽን የሁለቱንም ወገን ሳትሰሚ አንድ ሰው ላይ ፈርደሽ አታውቂም። በዚህ ልጅ ላይ ብቻ ምን ነካሽ? ምን አድርገውሽ ነው? እቴቴ ምን በደለችሽ?"

 እናቷ ዓይኗን ወደ ሚጣ ክንድ ጣለች። ከክርኗ በላይ፣ እጅጌው በተሰበሰበበት፣ የድሮው ጠባሳ ይታያል። ልጅ ሆና የፈላ ውሃ ተደፍቶባት ነበር።

"ሐኪሙ ፋሻው በየቀኑ ይቀየር ብሎ ነበር" አለች እናቷ በመጨረሻ። ድምፅዋ የችሎት ድምፅ አልነበረም። "አንድ ቀን ሞከርኩ። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ፣ ስትጮኺ እጄ ተንቀጠቀጠ። ጥዬሽ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እሷ ናት የቀየረችልሽ። እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ ነበር የምሰማው። ስንቱን ወንጀለኛ ዓይኑን እያየሁ የፈረድኩ ሴትዮ የልጄን ክንድ ማየት አቃተኝ። ስትጮኺ የምትጠሪው ማንን ነበር? እማዬ አላልሽም። እቴቴ ነበር የምትዪው።"

"እማዬ፣ ልጅ እኮ ነበርኩ..."

"አውቃለሁ። አልተቀየምኩሽም። ግን አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኳትም። ምን ብዬ ልበል? የኔን ሥራ ስለሠራሽልኝ ልበላት? ዛሬ ነገ ስል ቆየ፤ ሲቆይ ደግሞ ከበደኝ። ልጇን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ በር ነው። መናቅ መሰለሽ? ንቄስ ቢሆን ምናለ።"

ሚጣ ስለ እናቷ ብዙ ነገር ታስብ ነበር፤ ይህን ግን አስባው አታውቅም። ጎንበስ ብላ አቀፈቻት። እናቷ መታቀፍ የማትወድ ሴት ናት፤ ዛሬ ግን አልገፋቻትም።

"ሂጂ፣ እንዳትዘገዪ" አለች እናቷ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ቀጥላም ከወንበሯ ተነሣችና ነጠላዋን ፈለገች። "ቆይ፤ እኔም እመጣለሁ። ልቤ ሳይመለስ ቶሎ በይ።"

 በመንገድ ላይ ሚጣ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር፤ እንደዚያ ተያይዘው ከሄዱ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ማስታወስ አልቻለችም።

*

እቴቴ የምትኖረው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ውጪኛው ክፍል የስፌት መኪናዋና የሰው ልብስ ነው፤ ውስጠኛው የልጇ። ጡረታ ወጥቻለሁ ትላለች፤ ግን የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚያሳጥረውም የሚያስጠብበውም እሷ ዘንድ ነው። በሩ ሲንኳኳ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ስታይ መርፌውን ከአፏ አወጣች።

"ውይ በሞትኩት! እትዬ! ምነው፣ ምን ሆኑ? ሚጣዬ፣ ምንድን ነው?"

"ደኅና ነን" አለች የሚጣ እናት። ገባች፤ ግን አልተቀመጠችም። ዳኛዋ በሰው ቤት መሃል፣ በተቆራረጠ ጨርቅ መካከል፣ እንደ ተከሳሽ ቆመች። "ስሚኝ። አንድ ነገር ልልሽ ነው የመጣሁት። ድሮ ማለት የነበረብኝ ነገር ነው። የልጄን ክንድ ያዳንሽው አንቺ ነሽ። እኔ በር ጀርባ ተደብቄ ነበር። አመሰግንሻለሁ። እግዜር ይስጥሽ። ይኸው ነው፤ ይህን ለማለት ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀሁ።"

እቴቴ ሱሪውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ገርሟት አየቻት።

"እትዬ፣ ተደብቄ ነበር ነው የሚሉት?" አለች። "መች ተደበቁ? በበሩ ሥር የእግርዎ ጥላ ይታየኝ ነበር እኮ።"

"ታይቶሽ ነበር?"

"በየቀኑ! እኔስ ምን ድፍረት ነበረኝ ብለው ነው? ያን ያህል ቁስል አይቼ አላውቅም። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልጅቱ ታለቅሳለች። እንዲያው ጥላዎ በሩ ሥር እስኪመጣ ጠብቄ ነው ፋሻውን የምፈታው። እናቷ አለች፣ እዚህ ናት፣ አንድ ነገር ብሆን ትገባለች እያልኩ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እኔም ትቼ እሮጥ ነበር፣ እውነቴን ነው። እኔ ነኝ እንጂ ማመስገን ያለብኝ።"

የሚጣ እናት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፊቷን ልታዞር ፈለገች፤ እቴቴ ግን ተነሥታ ያዘቻት፣ ልክ ድሮ ሚጣን እንደምትይዛት፣ ሁለቱንም ትከሻ። ሁለቱ ሴቶች በስፌት መኪናው አጠገብ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሚጣ ራሷን ስትቆጣጠር ቆይታ ሳታስበው እሷም ጀመረች። የአንድ ክንድ ቁስል ስንት ሰው ይዞ እንደነበረ ያኔ ገና ገባት፤ ለእያንዳንዳቸው ማመስገን ፈለገች፣ ከየት እንደምትጀምር ግን ጠፋት።

የውስጠኛው ክፍል በር ተከፈተ። ቀስታ ቆሟል፤ ሻንጣው ከኋላው ተዘግቶ አልጋው ላይ ነው። ሦስት ሴቶች ሲያለቅሱ አየ። ከዚያ ዓይኑ ሚጣ ክንድ ላይ ያለውን ጋዋን አገኘ።

"ማን ሞተ?" አለ።

"የኔ ኩራት" አለች ሚጣ፣ በአፍንጫዋ እየሳበች። "ልግባ?"

እቴቴ ልጇን ወደ ውስጥ፣ ሚጣንም ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችና በሩን ዘጋችው። "ነፋስ ይገባል" አለች። ያን ቀን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሚጣ ከሻንጣው አጠገብ ቆመች፣ እሱ መስኮቱ ጋር። እንደዚህ ተቀራርበው ከቆሙ ቆይተዋል፤ ሁለቱም ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ።

"አረንጓዴውን ፊልም ከፈትኩት" አለች።

"ጥሩ።"

"አልቀየርክም።"

"ነግሬሽ ነበር።"

"ሳህኖቹን አየኋቸው። ቀለበታቸውን። ያንተን አወቅሁት። እኔም ጠዋት ቀብቼ ነበር፣ ባንተ ላይ ደግሜ።"

ቀስታ ዓይኑ ተከፈተ። ሚጣ ስታስረዳው ድፍን አዳራሽ ፊት የቆመች ይመስል እጇን ታወናጭፍ ነበር፤ ጤነኞቹ እንዴት ጨብጠው እንደቀሩ፣ አረንጓዴዎቹ እንዴት እንደሄዱ፣ አገናኙ ምን እንደሆነ። እየሰማት ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ያ የልጅነቱ ፈገግታ መጣ፤ ሚጣ ያንን ፈገግታ ስታይ ጭራሽ ቃላቱ ተቀላቀሉባት።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለች። "ቀብቼልሻለሁ ብትለኝ ኖሮ..."

"መች አስጨረስሽኝ?"

 እውነት ነው፤ አላስጨረሰችውም። የሚላትን ሁሉ አስቀድማ የምታውቅ መስሏት ነበር።

"በድዬሃለሁ" አለች። "በሰው ፊት ነው የበደልኩህ፤ በሰው ፊት እክስሃለሁ። ሙከራው ሲጻፍ ስምህ ከስሜ ጎን ነው የሚገባው፤ ውጤቱ ያንተም ነው። ግን ለሱ አይደለም የመጣሁት። እኔ ሳለቅስ አይዞሽ ሳትለኝ ሄደህ ሳህኖቼን ስለቀባህልኝ ነው። እንደዚያ የሚያደርግልኝ ሰው እንዳለ ሳላውቅ ስለቆየሁ ነው። አመሰግንሃለሁ። ከመሄድህ በፊት ይህን ካልነገርኩህ እንደ እማዬ ዕድሜ ልኬን በር ጀርባ ልቀር ነው።"

 "አንቺ አመሰግናለሁ ካልሽ እኔ ምን ልበል?" አለ ቀስታ። "እኔ እዚያ ላብራቶሪ ጠዋት የምገባው አንቺን ለማየት ነበር። ምንም ባትዪኝም። ለዚያ ማንን እንደማመሰግን አላውቅም ነበር።"

ሚጣ እጇ ሻንጣው እጀታ ላይ ነበር፤ መቼ እንደያዘችው አታውቅም። ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጣዋለች። አትሂድ የሚለው ቃል አፏ ጫፍ ላይ ነው። ብትለው እንደሚቀርም ታውቃለች፤ ያ ሰው እሷ ካለችው ይቀራል። ሆስፒታሉ ውስጥ ግን ክንዳቸው እንደ እሷ የተቃጠለ ልጆች አሉ፤ እሱ ደግሞ የራሱ ክፍል ኃላፊ ሆኖ አያውቅም። እነዚያ ጤነኛ ሕዋሶች ዓይኗ ላይ መጡ፤ ያንን ሁሉ ጉልበት ይዘው፣ ጨብጠው፣ ባሉበት የቀሩት።

አንድ በአንድ ጣቶቿን ፈታች።

"ሂድ" አለች። ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ቀጠለች። "አንተ ፊት ሂድና ያዝ። እኔ ሙከራውን ደግሜ ልጨርስ፣ ከዚያ ከኋላ ለቅቄ እመጣለሁ። ሕዋስ እንኳ የሚሄደው እንደዚህ ነው።"

"ትመጫለሽ?"

"አንተ እዚያ ከያዝክ እመጣለሁ።"

"ይዣለሁ" አለ ቀስታ። "ገና ልጅ ሳለሁ ነው የያዝኩት።"

ጋዋኑን ሰጠችው። ተቀበላትና ሻንጣው ላይ አስቀመጠው፤ ከዚያ ክንዷን ያዘ፣ ያንን የድሮውን ጠባሳ። ልጆች ሳሉ እቴቴ ፋሻውን ስትፈታ እሱ ከጎን ሆኖ ጉንጮቹን ነፍቶ እፍ፣ እፍ ይልላት ነበር። ራሱን ዝቅ አደረገና በጠባሳው ላይ ቀስ ብሎ እፍ አለ።

"አሁን እኮ አያመኝም" አለች እየሳቀች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ።

"ለማንኛውም ብዬ ነው።"

ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች። የውጪው ክፍል ጸጥ ብሏል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ የለ፣ የሚያወራ የለ። ሚጣ ቀና ስትል ዓይኗ ወለሉ ላይ ወደቀ። በበሩ ሥር በገባው ብርሃን መሃል የእግር ጥላ ይታያል፤ የሁለት ሰው እግር፣ ጎን ለጎን የቆመ። ቀስታም አየው። ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነከሰ፤ ሚጣ ግን አልሳቀችም፤ ጥላዎቹን እያየች ልቧ በምስጋና ሞላ፣ በሩንም ለመክፈት አልቸኮለችም።